ግንቡን የሚገፋው ማነው? የአፈር ሰበቃና የድጋፍ ግንብ ንድፍ

መግቢያ

በአገራችን ከተሞች ለቤትና ለመንገድ የሚሆን ቦታ ለማግኘት ተዳፋትን ቆርጦ ማስተካከል የተለመደ ነው። ኮረብታው ሲቆረጥ በአንድ ወገን ከፍ ያለ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ያለ መሬት ይፈጠራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ቀጥ ያለ የአፈር ፊት ይዞ እንዲያቆም የሚሠራው ግንብ የድጋፍ ግንብ ይባላል። አዲስ አበባን፣ ጎንደርን ወይም ደሴን የሚያውቅ ሁሉ በመንገድ ዳር፣ በግቢ ጀርባና በድልድይ አፍ እንዲህ ያሉ ግንቦችን ማየቱ አይቀርም። አብዛኛዎቹ ለብዙ ዓመታት ያለ ችግር ይቆማሉ። አንዳንዶቹ ግን በክረምት ወራት፣ ተደጋጋሚ ዝናብ ከጣለ በኋላ ይደረመሳሉ፤ ከሥራቸው መኖሪያ ቤት ካለም አደጋው የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

ለመሆኑ በበጋው በሰላም የቆመ ግንብ በክረምት ለምን ይወድቃል? አፈሩ ያው አፈር፣ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ መስጠት ነው። መልሱን ለመከተል በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምንማራቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ሰበቃ፣ ሞመንትና የፈሳሽ ግፊት በቂ ናቸው።

1. አፈርን የሚያቆመው ምንድን ነው?

ውሃ ጠረጴዛ ላይ ብናፈስ ተዘርግቶ ይሄዳል እንጂ አይከመርም። በአውድማ ላይ የተወቃ ስንዴ ግን ይከመራል። የክምሩ ጎን እየቀና ሄዶ አንድ የተወሰነ ማዕዘን ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እህል እየተንሸራተተ ይወርዳል። ውሃውንና ስንዴውን የሚለያያቸው ሰበቃ ነው። የስንዴው ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተጫጭነው ስለሚፋተጉ ክምሩ በተወሰነ ደረጃ ራሱን በራሱ መደገፍ ይችላል። ውሃ ግን በውስጡ እንዲህ ያለ የሚያቆም ሰበቃ የለውም።

የአሸዋና የጠጠር ጠባይም ከስንዴው የተለየ አይደለም። በአፈር ውስጥ አንድ የመንሸራተቻ ገጽ አለ ብለን ብናስብ፣ በዚያ ገጽ ላይ ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ የሰበቃ ጉልበት በሚከተለው ቀላል ግንኙነት ይገለጻል፦

የሰበቃ ጉልበት = ገጹን በቀጥታ የሚጫነው ጉልበት × የሰበቃ ማዕዘን ታንጀንት

«የሰበቃ ማዕዘን» የሚባለው የአፈሩ መለያ ባሕርይ ሲሆን የቅንጣቶቹን ቅርጽ፣ የገጻቸውን ሸካራነትና የተጠቀጠቁበትን መጠን ያንጸባርቃል። ሸክላነት ያላቸው አፈሮች በዚህ ላይ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የመያያዝ ጉልበት አላቸው። ይሁን እንጂ ይህ መያያዝ በእርጥበትና በጊዜ ብዛት ሊለዋወጥ ስለሚችል የድጋፍ ግንብ ሲነደፍ በእርሱ ላይ መተማመን አይመከርም።

ከላይ ከተጻፈው ግንኙነት አንድ ነጥብ መያዝ ያስፈልጋል። ሰበቃ የሚገኘው ቅንጣቶቹ ተጫጭነው እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። መጫጫኑ ሲቀንስ ሰበቃውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወደ በኋላ ስለ ውሃ ስንነጋገር ቁልፉ ይህ ይሆናል።

2. የሰበቃ ማዕዘንን መገመት

የሰበቃ ማዕዘንን ለማወቅ ከቀላሉ እስከ ረቂቁ በርካታ መንገዶች አሉ። ሦስቱን እንመልከት።

ሀ) የክምር ሙከራ። ይህን ማንኛውም ተማሪ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ሊሠራው ይችላል። በደንብ የደረቀ አሸዋ በጠፍጣፋ መሬት ላይ ከአንድ ነጥብ ቀስ በቀስ በማፍሰስ ሾጣጣ ክምር ይሠራል። ከዚያም የክምሩ ቁመትና የግርጌው ስፋት ይለካል። ለምሳሌ ቁመቱ 11.5 ሳንቲ ሜትር፣ የግርጌው ዳያሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቁመቱ ለግርጌው ሬዲየስ ሲካፈል 11.5 ÷ 20 = 0.575 ይሆናል። ታንጀንቱ 0.575 የሆነው ማዕዘን ወደ 30° ይጠጋል። ይህ ውጤት የሚገልጸው ልል የሆነን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ተጠቅጥቆ የታሸገ አሸዋ ከዚህ የበለጠ ማዕዘን ይኖረዋል።

ለ) የሳጥን ሙከራ። በአፈር ቤተ ሙከራ ውስጥ አፈሩ በወገቡ ለሁለት በሚከፈል የብረት ሳጥን ውስጥ ይሞላል። ከላይ የታወቀ ክብደት ይጫንበትና የሳጥኑ አንድ ግማሽ ወደ ጎን ይገፋል። አፈሩ ተሸንፎ እስኪንሸራተት ድረስ ያስፈለገው ጉልበት ይመዘገባል። ሙከራው በተለያየ ጫና ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ለምሳሌ ጫናው 50፣ 100 እና 150 ኪሎፓስካል ሲሆን የተገኘው መቋቋም በቅደም ተከተል 29፣ 58 እና 87 ኪሎፓስካል ነው እንበል። እነዚህን ነጥቦች በግራፍ ላይ ብናስቀምጥ ቀጥተኛ መስመር ይሠራሉ፤ የመስመሩም ተዳፋት 0.58 ገደማ፣ ማዕዘኑም 30° ይሆናል።

ሐ) የመስክ ሙከራ። አሸዋን ሳይረብሹ ከመሬት አውጥቶ ወደ ቤተ ሙከራ መውሰድ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በቁፋሮ ጉድጓድ ውስጥ 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ አንድ የብረት ቱቦ ወደ መሬት እንዲገባ ይደረጋል። ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት የፈለገው የምት ብዛት የአፈሩን ጥቅጥቅነት ያመለክታል፤ ከዚያም በተዘጋጁ ሠንጠረዦች አማካይነት የሰበቃ ማዕዘኑ ይገመታል።

በጥቅሉ ልል አሸዋ ከ28° እስከ 32°፣ በሚገባ የተጠቀጠቀ አሸዋ ደግሞ ከ36° እስከ 42° የሚደርስ ማዕዘን ይኖረዋል ተብሎ ይወሰዳል። የጥቅጥቁ አሸዋ ብልጫ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቅንጣቶቹ ተቆላልፈው ስለተቀመጡ ለመንሸራተት በቅድሚያ አንዱ በሌላው ላይ መውጣት ይኖርበታል። በዚሁ ምክንያት ተፈጭቶ የተገኘ ባለ ጠርዝ ጠጠር ከወንዝ ከሚወጣ ድቡልቡል ጠጠር የበለጠ ይቋቋማል።

3. የኩሎምብ ሐሳብ፦ ተንሸራታቹ ሽብልቅ

የኤሌክትሪክ ሙል መለኪያ በስሙ የተሰየመለት ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ በሙያው ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1764 እስከ 1772 ድረስ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በማርቲኒክ ደሴት በምሽግ ግንባታ ላይ ሠርቷል። ከዚያ እንደተመለሰ፣ በ1773 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት የአፈርን ግፊት በሒሳብ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳየ። ጥናቱ በ1776 ታትሞ ወጣ። ዛሬም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይማሩታል።

የኩሎምብ ሐሳብ እንዲህ ነው። ግንቡ ጥቂት ወደ ፊት ቢያዘነብል ከኋላው ያለው አፈር በሙሉ አይከተለውም። የሚከተለው ከግንቡ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ በተዘረጋ አንድ ዝንባሌ ገጽ ላይ የተቀመጠ፣ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው የአፈር ክፍል ነው። ሽብልቁ በክብደቱ ወደ ታች ሊንሸራተት ይሞክራል፤ በገጹ ላይ ያለው ሰበቃ ይይዘዋል፤ ሰበቃው ሊይዘው ያልቻለውን ቀሪ ጉልበት ግንቡ ይሸከማል። እንግዲህ ግንቡ የአፈሩን ክብደት በሙሉ አይሸከምም ማለት ነው።

ገጹ በየትኛው ዝንባሌ ላይ ይሆናል? ኩሎምብ የሰጠው መልስ፣ የተለያዩ ዝንባሌዎችን ሞክረን ግንቡን አብልጦ የሚገፋውን እንውሰድ የሚል ነው። ይህን በምሳሌ እንሞክረው። ግንቡ 4 ሜትር ቁመት፣ አፈሩ በኪዩቢክ ሜትር 18 ኪሎኒውተን ክብደትና 30° የሰበቃ ማዕዘን ይኑረው። የግንቡ ጀርባ ቀጥ ያለና ለስላሳ፣ የአፈሩም አናት ደልዳላ ነው እንበል። ለአንድ ሜትር የግንብ ርዝመት የሽብልቁ ክብደት 144 ÷ ታንጀንት (የገጹ ዝንባሌ) ኪሎኒውተን ይሆናል። ግንቡን የሚገፋው ጉልበት ደግሞ የሽብልቁ ክብደት በታንጀንት (የገጹ ዝንባሌ − 30°) ተባዝቶ ይገኛል። ውጤቱ እንደሚከተለው ነው፦

ዝንባሌው 30° ሲሆን፦ ክብደት 249፣ ግፊት 0 ኪሎኒውተን
ዝንባሌው 40° ሲሆን፦ ክብደት 172፣ ግፊት 30 ኪሎኒውተን
ዝንባሌው 50° ሲሆን፦ ክብደት 121፣ ግፊት 44 ኪሎኒውተን
ዝንባሌው 60° ሲሆን፦ ክብደት 83፣ ግፊት 48 ኪሎኒውተን
ዝንባሌው 70° ሲሆን፦ ክብደት 52፣ ግፊት 44 ኪሎኒውተን
ዝንባሌው 80° ሲሆን፦ ክብደት 25፣ ግፊት 30 ኪሎኒውተን

በ30° ዝንባሌ ላይ ያለው ሽብልቅ ከሁሉ የከበደ ቢሆንም ግንቡን አይገፋም፤ ዝንባሌው ከሰበቃ ማዕዘኑ ጋር እኩል ስለሆነ ሰበቃ ብቻውን ይይዘዋል። በ80° ያለው ደግሞ ገጹ ቀጥ ያለ ቢሆንም ሽብልቁ ቀጭንና ቀላል ነው። ከሁለቱ መካከል፣ በ60° ላይ፣ ግፊቱ ከፍተኛ ይሆናል። ይህ ዝንባሌ ምንጊዜም ከ45° እና ከሰበቃ ማዕዘኑ ግማሽ ድምር ጋር እኩል ነው፤ በምሳሌያችን 45° + 15° = 60°። በዚህ ዝንባሌ ሽብልቁ በአፈሩ አናት ላይ ከግንቡ ጀርባ 2.3 ሜትር ያህል ይዘልቃል።

የተገኘው 48 ኪሎኒውተን ወደ 49 ኩንታል ከሚጠጋ ክብደት ጋር እኩል ነው። ግንቡ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመቱ ይህን ያህል ግፊት ወደ ጎን መቋቋም ይኖርበታል።

4. የራንኪን ቀመር

እ.ኤ.አ. በ1857 ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን በሌላ መንገድ ተጉዞ ከላይ ለተገለጸው ሁኔታ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። እንደ ራንኪን አገላለጽ በአፈር ውስጥ በማንኛውም ጥልቀት ያለው የጎን ግፊት ከላይ ወደ ታች ካለው ጫና ጋር ተመጣጣኝ ነው። የሚያመጣጥናቸው ቁጥር የጎን ግፊት ምጣኔ ይባላል፤ ቀመሩም፦

የጎን ግፊት ምጣኔ = (1 − የሰበቃ ማዕዘን ሳይን) ÷ (1 + የሰበቃ ማዕዘን ሳይን)

የ30° ሳይን 0.5 ስለሆነ ምጣኔው 0.5 ÷ 1.5፣ ማለትም አንድ ሦስተኛ ይሆናል። በ4 ሜትር ጥልቀት ያለው ቀጥተኛ ጫና 18 × 4 = 72 ኪሎፓስካል ነው፤ የጎን ግፊቱ የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ 24 ኪሎፓስካል ይሆናል። ግፊቱ ከአናት ዜሮ ተነሥቶ እስከ ግርጌ በእኩል መጠን ስለሚጨምር የግፊቱ ሥዕል ሦስት ማዕዘን ነው። የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ½ × 24 × 4 = 48 ኪሎኒውተን ሲሆን በኩሎምብ መንገድ ካገኘነው ጋር ይገጥማል። የግፊቱ ድምር የሚያርፈው ከግርጌ በቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ማለትም በ1.33 ሜትር ከፍታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። አንደኛ፣ ይህ ግፊት የሚሠራው ግንቡ በጥቂቱ መንቀሳቀስ ከቻለ ነው። ሰበቃ እንዲነቃ አፈሩ ትንሽ መንሸራተት አለበት፤ ለጥቅጥቅ አሸዋ የግንቡን ቁመት አንድ ሺህኛ ያህል፣ በምሳሌያችን 4 ሚሊ ሜትር፣ መንቀሳቀስ ይበቃል። ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ግንብ፣ ለምሳሌ ከላይና ከታች በወለል የተያዘ የምድር ቤት ግድግዳ፣ የሚገጥመው ምጣኔ ለዚሁ አሸዋ 0.5 ገደማ ስለሆነ ግፊቱ ከ48 ወደ 72 ኪሎኒውተን ከፍ ይላል።

ሁለተኛ፣ የሰበቃ ማዕዘኑን ስንገምት የምንሳሳታት ጥቂት ዲግሪ ቀላል አይደለችም። ማዕዘኑ 35° ቢሆን የጎን ግፊቱ 39፣ 25° ቢሆን ደግሞ 58 ኪሎኒውተን ይሆናል። የ5° ስሕተት ግፊቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ ይለውጠዋል ማለት ነው። ስለሆነም ንድፍ ሠሪው ጥርጣሬ ባለበት ጊዜ ዝቅተኛውን ማዕዘን ይመርጣል።

5. ግንቡን መፈተሽ

አሁን 48 ኪሎኒውተኑን የሚቋቋም ግንብ እንምረጥ። በራሱ ክብደት የሚቆም የድንጋይ ግንብ ይሁን፤ አናቱ 0.6 ሜትር፣ ግርጌው 2.2 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በአፈሩ በኩል ቀጥ ያለ፣ በፊት ለፊቱ ያዘነበለ ይሁን። የድንጋይ ግንብ በኪዩቢክ ሜትር 22 ኪሎኒውተን ይመዝናል ብንል፣ የአንድ ሜትር ርዝመት ግንብ ክብደት 123.2 ኪሎኒውተን ይሆናል። ንድፍ ሠሪው የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይጠይቃል።

ግንቡ ይገለበጣል ወይ? የአፈሩ ግፊት ግንቡን በፊተኛው የግርጌ ጫፍ ዙሪያ ሊገለብጠው የሚሞክርበት ሞመንት 48 × 1.33 = 64 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። የግንቡ ክብደት በአንጻሩ የሚሰጠው የመቋቋም ሞመንት 175 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል 2.7 ይሆናል። ይህ ቁጥር የደህንነት ምጣኔ ይባላል፤ ለመገልበጥ ቢያንስ 2 እንዲሆን በተለምዶ ይፈለጋል። ስለዚህ ግንቡ ያልፋል።

ግንቡ ይንሸራተታል ወይ? እዚህም የሚይዘው ሰበቃ ነው። ግንቡ በሸካራ ጠጠር ላይ ቢያርፍና በግርጌው ያለው የሰበቃ ቁጥር 0.6 ቢሆን፣ የሚገኘው መቋቋም 0.6 × 123.2 = 73.9 ኪሎኒውተን ነው። ይህ ለ48 ሲካፈል 1.54 ይሆናል። በተለምዶ የሚፈለገው 1.5 ስለሆነ ይህንንም ያልፋል፤ ነገር ግን በጠባብ ልዩነት ነው።

ከሥሩ ያለው መሬት ይችለዋል ወይ? የአፈሩ ግፊት ስለሚያዘነብለው የግንቡ ክብደት በግርጌው ላይ እኩል አይሰራጭም። በምሳሌያችን ከፊተኛው ጫፍ ሥር 86፣ ከኋለኛው ጫፍ ሥር 26 ኪሎፓስካል ጫና ያርፋል። መሬቱ ቢያንስ የፊተኛውን ጫና ያለ መስመጥ መሸከም አለበት።

የግንቡ ቁመት በእነዚህ ስሌቶች ላይ ያለው ኃይል ከፍተኛ ነው። ቁመቱ እጥፍ ሆኖ 8 ሜትር ቢደርስ ግፊቱ አራት እጥፍ፣ የመገልበጥ ሞመንቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። «የአጭሩን ግንብ አሠራር ለረዥሙም እንጠቀምበት» የሚለው ልማድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

6. ውሃ ሲገባ

ከላይ የተፈተሸው ግንብ ለበጋ በቂ ነው። አሁን ክረምት ገባ እንበል። ዝናቡ ከግንቡ ጀርባ ባለው አፈር ውስጥ ሰርጎ መውጫ አጣ፤ ውሃውም እስከ ግንቡ አናት ሞላ። ምን ይለወጣል?

ለዚህ መልስ የሚሆነውን መሠረታዊ ሐሳብ ያደራጀው የአፈር ሜካኒክስ አባት ተብሎ የሚታወቀው ካርል ቴርዛጊ ነው። ትውልዱ ኦስትሪያዊ የሆነው ቴርዛጊ በኢስታንቡል መምህር ሳለ ካካሄዳቸው ሙከራዎች በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1925 የአፈር ሜካኒክስን እንደ ራሱን የቻለ ሳይንስ ያስቆጠረ መጽሐፍ አሳተመ። እንደ ቴርዛጊ አስተምህሮ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለ ውሃ የጫናውን ከፊል ራሱ ይሸከማል። ቅንጣቶቹ የሚጫጫኑት በቀሪው ብቻ ነው፦

ውጤታማ ጫና = ጠቅላላ ጫና − የውሃ ግፊት

ሰበቃ የሚወሰነው በዚህ በውጤታማው ጫና ነው። ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሲያነሱት እንደሚቀል ሁሉ በውሃ የተዋጠ የአፈር ቅንጣትም ይቀልላል፤ ጎረቤቱን የሚጫንበት ክብደት ይቀንሳል፤ ሰበቃውም አብሮ ይቀንሳል። የሰበቃ ማዕዘኑ በራሱ እዚያው 30° ላይ ሊቆይ ይችላል። የተለወጠው ማዕዘኑ የሚባዛበት ጫና ነው።

በቁጥር እንየው። ውሃ የጠገበ አፈር በኪዩቢክ ሜትር 20 ኪሎኒውተን ይመዝናል፤ የውሃን ክብደት በግምት 10 እንውሰድ። በ4 ሜትር ጥልቀት ጠቅላላው ጫና 80፣ የውሃው ግፊት 40፣ ስለዚህ ውጤታማው ጫና 40 ኪሎፓስካል ነው። አፈሩ ግንቡን የሚገፋው በውጤታማው ጫና አንድ ሦስተኛ፣ በ13.3 ኪሎፓስካል ነው። ይህ ከበጋው 24 ያነሰ ነው። ውሃው ግን ሰበቃ ስለሌለው ራሱን አይደግፍም፤ ወደ ታች የሚጫነውን ያህል ወደ ጎንም ይገፋል፤ ማለትም 40 ኪሎፓስካል በሙሉ ግንቡ ላይ ያርፋል። ድምሩ 53.3 ኪሎፓስካል፣ ጠቅላላው ግፊትም ½ × 53.3 × 4 = 106.7 ኪሎኒውተን ይሆናል።

በበጋ 49 ኩንታል ያህል የነበረው ግፊት በክረምት ወደ 109 ኩንታል ደረሰ ማለት ነው። ከዚህም ውስጥ ሦስት አራተኛው የውሃው እንጂ የአፈሩ አይደለም። የመገልበጥ የደህንነት ምጣኔው ከ2.7 ወደ 1.2 ይወርዳል። የመንሸራተቱ ደግሞ 73.9 ÷ 106.7 = 0.69 ይሆናል። ከ1 በታች የሆነ ምጣኔ ግንቡ አይቆምም ማለት ነው። ውሃው ከግርጌው ሥር ገብቶ ግንቡን ወደ ላይ ቢያነሣው ሁኔታው ከዚህም ይብሳል።

በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እነሆ፦ ግንቡን በበጋ የሚገፋው በአብዛኛው በሰበቃ የተያዘ አፈር ነው፤ በክረምት የሚገፋው ግን ምንም የማይዘው ውሃ ነው።

7. ውሃን መታገል ወይስ ማሳለፍ?

ውሃውን በድንጋይ ብዛት ለመታገል ብንፈልግ ምን ያህል ያስፈልገናል? በ106.7 ኪሎኒውተን ግፊት ላይ የመንሸራተት ምጣኔው 1.5 እንዲሆን የግንቡ ክብደት 106.7 × 1.5 ÷ 0.6 = 267 ኪሎኒውተን መሆን አለበት። በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 5.6 ኪዩቢክ ሜትር የነበረው ድንጋይ ከ12 ኪዩቢክ ሜትር በላይ ይሆናል። ውሃውን ማሳለፍ ግን ጥቂት ቱቦና ጠጠር ብቻ ይጠይቃል። የተለመደው አሠራር የሚከተለው ነው፦

ሀ) ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጠጠር ንብር ከግርጌ እስከ አናት አጠገብ ይሞላል። ደቃቅ አፈር ጠጠሩን እንዳይደፍነው በመካከላቸው አሸዋ ወይም ጂኦቴክስታይል የተባለ ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይደረጋል።

ለ) በግንቡ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ ወደ ውጭ ያዘነበሉ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦዎች በየ1.5 ወይም በየ2 ሜትሩ ይቀበራሉ።

ሐ) በአፈሩ አናት ላይ የዝናብ ውሃ እንዳይሰርግ ቦይ ይቀየሳል።

መ) ለሙሌት ውሃ የሚያሳልፍ አሸዋማ ወይም ጠጠራማ አፈር ይመረጣል። በብዙ የአገራችን ደጋማ ስፍራዎች የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃም በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ በቅርብ ስለተገኘ ብቻ ለግንብ ሙሌት ሊውል አይገባም።

ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው የእርከን ሥራ ባለቤት ነው፤ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያለ ሲሚንቶ የተደረደሩት የድንጋይ ካቦች በአንዳንድ ስፍራ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። እርከኖቹ አፈሩን ከመሸርሸር ይጠብቃሉ፤ ለሰብሉ የሚያስፈልገውን እርጥበት ያቆያሉ፤ ትርፉን ውሃ ደግሞ ያስወግዳሉ። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ውሃ ማሳለፊያ ስለሆነ ከካቡ ጀርባ ግፊት የሚፈጥር ውሃ አይጠራቀምም። በሽቦ ቀፎ ውስጥ ድንጋይ ተሞልቶ የሚሠራው ጋቢዮንም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው። በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብ ግን ይህን ተፈጥሯዊ መውጫ ስለሚዘጋ ቱቦ ያስፈልገዋል። ቱቦውን በልስን የሚደፍን ባለቤት ሳያውቀው ግንቡን ወደ ውሃ ግድብነት ይለውጠዋል።

8. ግንብ የማይመልሰው ጥያቄ

እስካሁን የተመለከትነው ሽብልቅ ከግንቡ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚዘረጋ ነው። ነገር ግን የመንሸራተቻው ገጽ ከግንቡ ሥር፣ በጥልቀት ሊያልፍ ይችላል። ያን ጊዜ ኮረብታው ግንቡን ይዞት ይሄዳል፤ ግንቡ የቱንም ያህል ቢወፍር አያድነውም። ስለሆነም ንድፍ ሠሪው ከሦስቱ ፍተሻዎች በተጨማሪ የተዳፋቱን አጠቃላይ መረጋጋት መመርመር ይኖርበታል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሳሉ በቀጣዩ ናዳ የተዋጡ ነበሩ። ይህ የተፈጥሮ ተዳፋት ናዳ እንጂ የግንብ መደርመስ አይደለም። የሚነግረን ግን አንድ ነገር አለ፤ ውሃ የጠገበ ተዳፋት አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ በኋላም ገና አልተረጋጋም፤ ቀሪው አፈር ከሥሩ የነበረውን ድጋፍ ስላጣ ዳግመኛ ሊወርድ ይችላል።

ለአንባቢው የሚጠቅሙ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችም አሉ። ግንቡ በወገቡ ማበጥ ወይም ወደ ፊት ማዘንበል ከጀመረ፣ ዝናብ ሲጥል ቱቦዎቹ ውሃ ሳያወጡ የግንቡ ፊት ግን ከረጠበ፣ ወይም ከግንቡ ጀርባ በአፈሩ አናት ላይ ከግንቡ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ከታየ አደጋው ቀርቧል። ለ4 ሜትር ግንብ ሽብልቁ 2.3 ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንደሚዘልቅ አስልተናል፤ በዚያ ርቀት አካባቢ የሚታይ ስንጥቅ የሽብልቁ ጫፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ከግንቡ ሥር ያሉ ሰዎች ወዲያውኑ መራቅ፣ ጉዳዩንም ለባለሙያ ማሳወቅ ይገባቸዋል።

ማጠቃለያ

አፈር በሰበቃ አማካይነት ራሱን በአብዛኛው ይደግፋል፤ የድጋፍ ግንብ የሚሸከመው ሰበቃ ያልቻለውን ቀሪ ነው። የሰበቃ ማዕዘን ይህን ቀሪ ስለሚወስን በጥንቃቄ መገመት አለበት። ሰበቃ ደግሞ የሚኖረው ቅንጣቶች በተጫጫኑ መጠን ስለሆነ ውሃ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጫጫኑን ይቀንሳል፤ ራሱም ያለ ሰበቃ ይገፋል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ ያለው ጠጠርና በሆዱ የተቀበረው ቱቦ የግንቡ ጌጥ ወይም ተጨማሪ አይደሉም፤ ድንጋዩን ያህል የንድፉ አካል ናቸው።

መልመጃ

1. ከላይ ከተፈተሸው የ4 ሜትር ግንብ ጀርባ በአፈሩ አናት ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ኪሎኒውተን የሚመዝን የግንባታ ዕቃ ቢከመር፣ በበጋ የመንሸራተት የደህንነት ምጣኔው ስንት ይሆናል?

2. ውሃው ከግንቡ ግርጌ እስከ ግማሽ ቁመቱ፣ ማለትም 2 ሜትር ብቻ ቢሞላ ውሃው ብቻውን ስንት ኪሎኒውተን ይገፋል?

መልስ፦ 1) ተጨማሪው ግፊት ⅓ × 10 × 4 = 13.3፣ ድምሩ 61.3 ኪሎኒውተን ነው፤ ምጣኔው 73.9 ÷ 61.3 = 1.2 ስለሚሆን ከሚፈለገው 1.5 በታች ነው። 2) ½ × 20 × 2 = 20 ኪሎኒውተን። ውሃው እስከ አናት ሲሞላ ከሚገፋው 80 ኪሎኒውተን ጋር ሲነጻጸር ሩብ ነው፤ የውሃውን ከፍታ በግማሽ መቀነስ የውሃውን ግፊት በሦስት አራተኛ ይቀንሰዋል።